ጃምቦ የያዘው ሰውዬና የኮሪደሩ ሽማግሌ

(በቀድሞ ተማሪዎች ማኅበር ዓመታዊ መገናኛ ላይ የቀረበ ንግግር)



አዘጋጅ ኮሚቴው «ከምሳ በፊት ጥቂት ደቂቃ አለህ፤ ስለ ሥዕል የሆነ ነገር ተናገር፤ ፕሮጀክተር ግን የለም» ብሎኛል። ሥዕል ሳያሳዩ ስለ ሥዕል መናገር እንግዳን የወጥ ሽታ አሽትቶ እንደመሸኘት ነው። ደግነቱ ዛሬ የማወራበትን ሥዕል ብዙዎቻችሁ ታውቁታላችሁ። አራት ዓመት ሙሉ በአጠገቡ አልፋችኋል። ባለፈው ዓመት ደግሞ በስልካችሁ ደርሷችኋል፤ በግራ በኩል ክፍላችን ኮሪደር ላይ የተሰቀለው ሽማግሌ፣ በቀኝ በኩል ግሮሰሪ ውስጥ ጃምቦ ይዞ የተቀመጠ ሰውዬ፤ ቁርጥ እሱን። ያኔ የሳቃችሁ ብዙ ናችሁ። እዚያ ላይ እመጣለሁ። አስቀድሜ ግን ስለ መጠጥ ቤትና ስለ ሥዕል ሁላችንም የሰማነውን አንድ ተረት ላንሳ።

ሊዮናርዶ ዳ ቪንቺ የመጨረሻውን እራት ሲሥል ለክርስቶስ የሚሆን ፊት ፈልጎ አንድ መልከ መልካም ወጣት አገኘ ይባላል። ዓመታት አለፉ። ሐዋርያቱ ሁሉ ተሥለው ይሁዳ ብቻ ቀረ። ሠዓሊው ለይሁዳ የሚሆን ፊት ፍለጋ ከመጠጥ ቤት መጠጥ ቤት ሲዞር ኑሮው የተበላሸ አንድ ሰካራም አገኘና አምጥቶ ሣለው። ሰውየው ሥዕሉን ቀና ብሎ ሲያይ አለቀሰ። ለካስ ያኔ ክርስቶስ ተብሎ የተሣለውም እሱ ራሱ ኖሯል።

ይህን ነገር እኔ ከዐውደ ምሕረት ሰምቼዋለሁ፤ የአመራር ሥልጠና ላይ ሰምቼዋለሁ፤ ሚኒባስ ውስጥ በሬዲዮም ሰምቼዋለሁ። በሰማሁት ቁጥር የዓመቱ ብዛት ይለያያል። አንዱ ሰባት ይላል፤ ሌላው አሥር፤ አንድ ጊዜማ ሃያ አምስት ደርሷል።

ሥዕሉ ያለው ሚላኖ ውስጥ ሳንታ ማሪያ ዴሌ ግራትሲዬ በሚባል ገዳም፣ መነኮሳቱ የሚመገቡበት አዳራሽ ግድግዳ ላይ ነው። ሊዮናርዶ የሠራው እ.ኤ.አ. ከ1495 እስከ 1498 ገደማ ነው። እንግዲህ ጠቅላላው ከሦስት ዓመት ብዙም አይበልጥም። በሦስት ዓመት ውስጥ ያን ያህል መውረድ አይቻልም አልልም፤ በአንድ ሴሚስተር የወረዱ ጓደኞች ነበሩኝ፤ አንዳንዶቹ እዚህ አሉ። ግን ተረቱ የሚፈልገው ዘመን ሥዕሉ ውስጥ የለም። በዚያ ላይ ሊዮናርዶ በደረቅ ልስን ላይ ስለሠራ ቀለሙ ገና በሕይወት ሳለ መርገፍ ጀመረ፤ በ1517 ያየው ሰው መበላሸት መጀመሩን ጽፏል። ከ1978 እስከ 1999 ሃያ ዓመት ያለፈ ጥገና ተደርጎለታል። ዛሬ ሚላኖ ሄዳችሁ የምታዩት የይሁዳ ፊት ላይ የሊዮናርዶም የጠጋኞቹም እጅ አለበት። ከማንም ሰካራም ጋር ልታመሳስሉት ብትሞክሩ የትኛውን ፊት ይዛችሁ ነው?

ታዲያ ተረቱ ከየት መጣ? ሥሩ ቫዛሪ ይመስለኛል፤ የሠዓሊያንን ታሪክ በ1550 ያሳተመው። ቫዛሪ እንደሚለው የገዳሙ አለቃ ሥራው ዘገየ እያለ ሊዮናርዶን ቢነዘንዘው፣ አልፎም ለመስፍኑ ቢከሰው፣ ሊዮናርዶ የቀሩት ሁለት ራሶች መሆናቸውን፣ የክርስቶስን በምድር ላይ እንደማይፈልግ፣ የይሁዳን ፊት ካጣ ግን የዚህ ነዝናዛ አለቃ ፊት እንዳለለት ተናገረ። መስፍኑ ሣቀ። በዚያው ዘመን ጂራልዲ የሚባል ሌላ ጸሐፊ ደግሞ ሊዮናርዶ ለይሁዳ የሚሆን ፊት ፍለጋ ቦርጌቶ ወደሚባል የወራዶች ሰፈር ጠዋት ማታ ይመላለስ እንደነበር ጽፏል። ልብ በሉ። በመጀመሪያው ወግ ይሁዳን ሊመስል የተዛተበት ሰው የገዳም አለቃ ነው። ወጉ ከአፍ ወደ አፍ ሲዞር አለቃው ወጣና ሰካራሙ ገባ። አለቃ ከመስደብ ሰካራም መስደብ ይቀላላ!

ሊዮናርዶ ራሱ በትንንሽ የኪስ ደብተሮቹ ላይ የሚጽፈው ከዚህ በጣም ይለያል። መልካቸውን የወደደላቸውን ሰዎች በስም ይመዘግባል፤ እገሌ የሚባል፣ እዚህ ቦታ የሚኖር፣ ራሱ ያማረ እያለ። ለክርስቶስ እጅ ይሆናል ያለውን ሰው እንኳ የፓርማው አሌሳንድሮ ካሪሲሞ ብሎ ስሙን ጽፎታል። እጁ ብቻ ነው የተፈለገው፤ ስሙ ግን አለ። ይህችን ነገር በኋላ እፈልጋታለሁ።

ወደ ራሳችን እንምጣ። በእኛ ቤተ ክርስቲያን ሥዕል ሠዓሊው ሞዴል አስቀምጦ አይሥልም። ከአባቶቹ የተቀበለውን መልክ ነው የሚሥለው። ጻድቁ ፊት ለፊት ያያችኋል፤ ሁለት ዓይኑ ይታያል። ክፉው ጎኑን ሰጥቶ ይሣላል፤ አንድ ዓይን ብቻ። ይሁዳም እንደዚያው ነው። ስለዚህ በደንቡ ከሄድን አንድ ሰው ቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ላይ ያለን ሥዕል ሊመስል አይገባም፤ የተሣለው ሰው ሳይሆን ደንቡ ነውና። ግን ደብረ ብርሃን ሥላሴ ጎንደር ገብቶ ጣሪያውን ቀና ብሎ ያየ ሰው ከመቶ በላይ ከሆኑት የመላእክት ፊቶች መካከል አክስቱን ሳያገኝ አይወጣም። እኔ ተማሪ ሆኜ ስንሄድ ከመሃላችን አንዷ «ያቺ ሦስተኛዋ የእኛ ሰፈር ባለሱቅ ናት» ብላ መምህራችንን ያሣቀችው ትዝ ይለኛል።

ከዚህም የሚያስገርመው የእመቤታችን ሥዕል ነው። ልጇን ታቅፋ፣ እጇን በእጇ ላይ አድርጋ፣ መሐረብ ይዛ የምናያት፣ መነሻዋ ሮም በሳንታ ማሪያ ማጆሬ ባሲሊካ ያለች ጥንታዊ ሥዕል ናት። ቅጂዋ ከኢየሱሳውያን ሚስዮናውያን ጋር ወደ አገራችን ገባ። ሚስዮናውያኑ ተባረሩ፤ ሥዕሏ ቀረች። የጎንደር ዘመን ሠዓሊዎች ቅጂውን ሲቀዱ፣ ያንን ደግሞ ሌላው ሲቀዳ፣ የእጇ አቀማመጥ አልተለወጠም፤ መሐረቧ እንኳን አልቀረም። ፊቷ ግን ቀስ በቀስ የእኛ ሴት ፊት ሆነ። ሞዴል የተቀመጠ የለም። እጃቸው የሮምን ሥዕል እየገለበጠ ዓይናቸው ግን በየቀኑ ቤትና ገበያ የሚያየውን ፊት ነበር የያዘው። ዛሬ አንዲት ሴት አይተን «የጎንደር ማርያም ትመስላለች» ስንል እሷ ሥዕሉን መሰለች ወይስ ሥዕሉ ከሷ ቅድመ አያቶች ፊት ተበደረ? እኔ ሁለተኛውን እላለሁ።

ሦስተኛው ታሪኬ እውነተኛ የመጠጥ ቤት ታሪክ ነው። በ1860ዎቹ ፓሪስ ውስጥ ካፌ ጌርቧ የሚባል ቤት ነበር። ሠዓሊው ኤዱዋር ማኔ፣ ዴጋ፣ ሞኔ፣ ደራሲው ዞላ የሚሰባሰቡበት ነው። ከደንበኞቹ አንዱ ኤሚል ቤሎ የሚባል፣ ሥዕል ቀርጾ በማተም የሚተዳደር ወፍራም ሰውዬ ነው። ማኔ በ1872 ሆላንድ ሄዶ ሃርለም ከተማ የፍራንስ ሃልስን ሥዕሎች አየ። ሃልስ የሞተው በ1666 ነው። ጠጪ፣ ሣቂ፣ ጉንጩ የቀላ ሰው በመሣል የሚደርስበት አልነበረም። ማኔ ተመለሰና ያንን በየምሽቱ የሚያየውን ቤሎን አስቀምጦ ሣለው። ጸጉራማ ቆብ፣ አፉ ላይ ፒፓ፣ እጁ ላይ ቢራ። «ጥሩ ቢራ» ብሎ ሰየመው፤ በፈረንሳይኛው «ለ ቦን ቦክ»። በ1873 ለሕዝብ ሲቀርብ ከዚያ በፊት በሥራው ሲሣቅበት የኖረው ማኔ ትልቅ ምስጋና አገኘ። ሁሉም የሚያወራው ስለ መመሳሰሉ ነበር። ሠዓሊው አልፍሬድ ስቴቨንስ ሰውየው የሚጠጣው የሃርለም ቢራ ነው ብሎ አሾፈ ይባላል። ሥዕሉ ዛሬ ፊላደልፊያ የሥነ ጥበብ ሙዚየም ውስጥ አለ፤ አሜሪካ ያላችሁ ሄዳችሁ እዩት።

እንግዲህ ቤሎ ለብዙ ዓመት እዚያው ካፌ እዚያው ወንበር ላይ ተቀምጦ ሲጠጣ ማንም «የሃልስን ሥዕል ትመስላለህ» ያለው ስለመኖሩ አልሰማሁም። በዚያች ዓመት ቤሎ አልተለወጠም። የተለወጠው የማኔ ዓይን ነው፤ ሃርለም ደርሶ ሞልቶ ተመልሷል። እኔ ለተማሪዎቼ መመሳሰል ከሚታየው ፊት ይልቅ በሚያየው ዓይን ውስጥ ይሠራል የምለው በዚህ ምክንያት ነው። ቤሎስ ምን አደረገ? አልተቀየመም። በ1875 በሥዕሉ ስም ወርኃዊ የእራት ማኅበር አቋቋመ፤ ሠዓሊው፣ ገጣሚው፣ ዘፋኙ እየተሰበሰበ ይበላል፣ ይዘፍናል፤ ማኅበሩ ለአሥርት ዓመታት ዘለቀ። የመጠጥ ቤት ደንበኛ ሆኖ ከሥዕሉ እንጀራ የበላ ሰው ነው። ግን ቤሎ ሁለት ነገር ነበረው፤ ለመሣል ተጠይቆ እሺ ብሏል፣ ስሙም ታውቋል።

አሁን ወደ ግሮሰሪው።

ነገሩን የማታውቁ ካላችሁ ባጭሩ እንዲህ ነው። ከእኛ መካከል ጥቂቶች ከስብሰባ በኋላ አንድ ግሮሰሪ ይገባሉ። እኔ አልነበርኩም። ጥግ ላይ አንድ ስልሳ ዓመት የሚሆነው ሰውዬ ብቻውን ተቀምጦ ድራፍት ይጠጣል። አንዱ ቀና ይልና «ወይ ጉድ! ሽማግሌው!» ይላል። ሁሉም ይዞራሉ። በእርግጥም የኮሪደሩ ሽማግሌ ነው፤ ግንባሩ፣ ወደ ውጭ ወጣ ያለው ጆሮ፣ የአፍንጫው ድልድይ፣ ጋቢውን ትከሻው ላይ የጣለበት አኳኋን ሳይቀር። ሥዕሉ ላይ 1971 የሚል ዓመት አለ። ያኔ የተሣለው ሰው ራሱ ሽማግሌ ነበር። ስለዚህ እሱ ሊሆን አይችልም። ይሄ ነው የሚያስደነግጠው።

አንዱ ሳይጠይቀው ፎቶ አነሳው። ከሥዕሉ ፎቶ ጋር አጣበቀው። «ሽማግሌው ከሸራ ወርዶ ጃምቦ ሲያወርድ» ብሎ ጽፎበት ለአንድ የቴሌግራም ቡድን ላከ። ከዚያ በኋላ የማን እጅ ደረሰ ማለት አይቻልም። እኔ ዘንድ በአንድ ምሽት ከአራት ሰው መጣ።

ስለ መመሳሰሉ ሳይንሱ የሚለው አለ፤ ብዙ አልቆይበትም። ፍራንስዋ ብሩኔል የሚባል ካናዳዊ ፎቶግራፍ አንሺ ዝምድና የሌላቸውን ነገር ግን መንታ የሚመስሉ ሰዎችን ለብዙ ዓመታት ሲያነሳ ኖሯል። ባርሴሎና ያሉ ተመራማሪዎች ከእነዚህ 32 ጥንዶችን ወስደው በሦስት የፊት መለያ ፕሮግራሞች ፈተኑ። ሦስቱም ፕሮግራሞች የተስማሙባቸው 16 ጥንዶች ነበሩ። ከ16ቱ ውስጥ ዘጠኙ በዘር ውርሳቸውም ተመሳስለው ተገኙ። በ2022 ታትሟል። ፊትን የሚሠሩት የዘር መልእክቶች እንዲሁ ሲደባለቁ ሲደባለቁ አንዳንዴ አንድ ዓይነት ፊት ይደግማሉ ማለት ነው፤ ዘመድ መሆን አያስፈልግም። በ2018 ደግሞ ጉግል ፊታችሁን ከሙዚየም ሥዕሎች ጋር የሚያመሳስል መተግበሪያ አውጥቶ ዓለም ሁሉ ተጫወተበት። የአፍሪካና የእስያ ተወላጆች ግን ቅር ተሰኙ። የሚወጣላቸው ሥዕል ጥቂት ነበር፤ የሚወጣውም ብዙ ጊዜ የባሪያ ወይም የአሽከር። ማሽኑ የሚያውቀው የተሰጠውን ክምችት ነው። ክምችቱ ውስጥ የእኛ ፊት በክብርና በስም ካልገባ የምንመስለው ያንኑ ያለውን ነው።

መመሳሰል ጨዋታ ብቻ የሚመስለው ደግሞ አዶልፍ ቤክን ያስታውስ። ለንደን ውስጥ በ1896 ብዙ ሴቶች «ያታለለን እሱ ነው» ብለው ስለመሰከሩበት ታሰረ። በ1904 እንደገና ተከሰሰ፤ እንደገና ጥፋተኛ ተባለ። እውነተኛው አታላይ የተያዘው ከዚያ በኋላ ነው። እንግሊዝ በ1907 የወንጀል ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት ያቋቋመችው አንድም በእሱ ምክንያት ነው። ሴቶቹ አልዋሹም፤ ያዩት መስሏቸው ነበር።

የእኛ ሰውዬ አልታሰረም። የደረሰበት ግን ቀላል አልነበረም። ጎሚስታ ነው፤ ጎማ ይጠግናል። ለአሥራ አንድ ዓመት ደግሞ የሰፈሩ እድር ገንዘብ ያዥ ነበር። ፎቶው በሰው በሰው የእድሩ አባላት ዘንድ ደረሰ። ሥዕሉ ተቆርጦ ወጥቷል፤ ቀልዱም የለም፤ የቀረው ጃምቦ የያዘው ገንዘብ ያዥ ብቻ ነው። ከዚያ ወዲያ ቀልዱን እነሱ ጨመሩበት፦ «እድራችንን ሲጠጣ።» አንዱ ይሁዳ አለው። ሊዮናርዶም ይሁዳን ከረጢት አስይዞታል። ይህን ለማሳመር የጨመርኩት እንዳይመስላችሁ፤ ሰውየው ራሱ ነው የነገረኝ። ሒሳብ መርማሪ ተሰየመ። ሳጥኑ ተከፈተ፤ ደረሰኙ ተቆጠረ። ሙሉ ሆነ፤ ሳንቲም አልጎደለም። እሱ ግን ቁልፉን አስረክቦ ወጣ። «ተቆጥሮ ሙሉ የሆነ ገንዘብ ያዥና ሳይቆጠር የታመነ ገንዘብ ያዥ አንድ አይደሉም» ነው ያለኝ።

እንዴት ተገናኘን? እሱ መጣ። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ የግቢው ጥበቃ ደውሎ «ሥዕሉን ላይ ነው የመጣሁት የሚሉ ሰው በር ላይ አሉ» አለኝ። ወረድኩ። የሥራ ልብሱን ቀይሮ፣ ኮት ለብሶ ነው የመጣው። ጋሼ አልኩት፤ መምህር አለኝ። ቁጣ ጠብቄ ነበር፤ የተቆጣ አልመሰለኝም። ደረጃውን ወጥተን ኮሪደሩ ላይ ስንደርስ መብራት የለም፤ የመስኮቱ ብርሃን ግን ይበቃ ነበር።

ለረጅም ጊዜ አየው። ከዚያ ጠጋ ብሎ እጁን ጆሮው ላይ አደረገ፤ የራሱን ጆሮ። «ጆሮው የኔ ነው» አለ። «አፍንጫውም። ዓይኑ ግን አይደለም።»

«እንዴት ጋሼ?» አልኩት።

«ይሄ ሰውዬ ርቦታል።»

እኔ ይህን ሥዕል ተማሪ ሆኜ አይቸዋለሁ፤ መምህር ሆኜ ተማሪዎቼን ፊቱ አቁሜ ስለ ብርሃንና ጥላ፣ ስለ ጋቢው እጥፋት፣ ስለ ቡናማው ቀለም አስተምሬበታለሁ። ሠዓሊው ከዓይኖቹ በታች ያስቀመጣትን ያቺን ግራጫ ነገር የእርጅና ምልክት ናት እል ነበር፤ መጽሐፍ ላይም እንደዚያ ነው የሚባለው። ጎማ ጠጋኙ በአንድ እይታ ሌላ ነገር አነበበ። ትክክል ይሁን አይሁን ሠዓሊውን መጠየቅ አይቻልም፤ በሕይወት የለም። እኔ ግን ከዚያ ቀን ወዲህ ረሀቡን ሳላይ ማለፍ አልቻልኩም።

ከዚያ «ስማቸው ማነው?» አለኝ። ከሥር የሠዓሊውን ፊርማ አሳየሁት። «እሱማ የሠራው ነው። የተቀመጡት ሰውዬስ?» ከሥዕሉ ጎን ያለችውን ወረቀት አነበብኩለት። «ሽማግሌ። የዘይት ቀለም በሸራ።» ሌላ የለም።

«ይኼን ሁሉ ዘመን እዚህ ተሰቅለው፣ ይኼ ሁሉ የተማረ ሰው ሲያልፍ ሲያገድም፣ ስምዎ ማነው ያላቸው የለም?» አለ። እኔን እየወቀሰኝ አልነበረም፤ እንዲያው ገርሞት ነው። እኔንም ገረመኝ።

ዘመዱ ሊሆን ይችላል ብለን ተነጋግረናል። አባቱ አዲስ አበባን ሳያዩ ነው የሞቱት፤ አጎቶቹም ከሰሜን ሸዋ አልወጡም። ዝምድና የለም። ሁለት ሰው፣ አንድ ዓይነት ጆሮ፣ ሌላ ምንም። እኔ እንደሚመስለኝ ግን ሥዕሉን ለመጀመሪያ ጊዜ እንደ ሰው ያየው እሱ ነው።

ከዚያ ወዲህ መፈለግ ጀመርኩ። ያ ሥዕል ብቻ አይደለም። በእኛ ዘመንም ከእኛ በፊትም ለሥዕል የሚቀመጡ ሰዎች በሰዓት እየተከፈላቸው ይመጡ ነበር፤ ተሸካሚዎች፣ ጥበቃዎች፣ ጠላ የሚሸጡ እናቶች፣ ልጅ ያዘሉ። ታስታውሷቸዋላችሁ። እንቅልፍ ይዟቸው አንገታቸው ሲዘነበል መምህሩ «እማማ፣ ቀና ይበሉ» ይል ነበር። ከክምችት ክፍሉ አንድ የክፍያ ወረቀት ብቻ አገኘሁ። በስም ቦታው «ሞዴል» ይላል። በፊርማው ቦታ የጣት አሻራ አለ። ስድስት አሻራ፣ ስድስት «ሞዴል»።

የኮሪደሩን ሽማግሌ በተመለከተ እስካሁን ከተመራቂዎች ሦስት መልስ ደርሶኛል። አንዱ ግቢው በር ላይ ይለምኑ የነበሩ ናቸው አለኝ። ሁለተኛው አይደለም፣ የመርካቶ ተሸካሚ ነበሩ፤ ጉልበታቸው ሲደክም ነው ወደ እኛ የመጡት አለ። ሦስተኛዋ፣ ዛሬ እዚህ አለች፣ «አባባ» እንላቸው ነበር፤ በዕረፍት ሰዓት ዳቦ እንካፈል ነበር አለችኝ። ዳቦውን ስትናገር የጎሚስታው ቃል ትዝ አለኝ። ስማቸውን ግን እሷም አታውቅም።

የፓርማው አሌሳንድሮ ለእጁ ብቻ ተፈልጎ ስሙ አምስት መቶ ዓመት ተሻገረ። ቤሎ ከነቢራው ስሙ ተጽፎ ሙዚየም ገባ። የእኛዎቹ ሙሉ ፊታቸውን ሰጥተውን በጣት አሻራ ቀሩ። ለዚህ ማንንም ለመውቀስ አልቆምኩም፤ በዓለም ያሉ የሥዕል ትምህርት ቤቶች ብዙዎቹ እንደዚሁ ናቸው። ግን ሌሎቹ ጋ ያስቀመጧቸው ሰዎች አልፈዋል፤ እኛ ጋ የሣሏቸው ተማሪዎች ገና በሕይወት አሉ። ከእነሱም ግማሾቹ እዚህ አዳራሽ ውስጥ ምሳ እየጠበቁ ነው።

ስለዚህ የምጠይቃችሁ ይህን ነው። ከ1960ዎቹ ጀምሮ የሠራችኋቸውን የሰው ሥዕሎች፣ የእርሳስ ንድፉን ጭምር፣ ቤታችሁ ካለ አውጡና እዩት። የተቀመጠው ማን ነበር? ሙሉ ስም ባታውቁ «አባባ»ም ይሁን፣ «የእነ እገሌ እናት»ም ይሁን፣ ሰፈሩም ይሁን፣ ሥራውም ይሁን፣ የምታስታውሱትን ጻፉ። ሁለት ሰው የተለያየ ነገር ካስታወሰ ሁለቱንም እንመዘግባለን፤ የትኛው ትክክል ነው ብለን አንጣላም። ውጭ አገር ያላችሁ ሥዕሉን ፎቶ አንስታችሁ ከነጀርባው ላኩልን። ጀርባው ላይ ብዙ ጊዜ የተረሳ ጽሑፍ አይጠፋም።

አንድ ጥንቃቄ አለ። ሸራው ጀርባ ላይ በእስክሪብቶ እንዳትጽፉ፤ ቀለሙ ሰርጎ ከፊት ይወጣል። ወረቀት ላይ በእርሳስ ጻፉና ሸራው የተወጠረበት እንጨት ላይ በክር እሰሩት። ሙጫም አትጠቀሙ። ጎሚስታውንም ለዚህ ሥራ ፈቃዱን ጠይቄዋለሁ፤ የእሱ ፎቶ ከእኛ ጋ የሚቆየው እሱ መርጦ ባስነሳው ነው፤ ጃምቦ የለበትም፤ ኮቱን ለብሷል፤ ስሙን ለመጽሔታችን እንዳንሰጥ ስለነገረን አልሰጠንም። የመጀመሪያውን ፎቶ ስልካችሁ ላይ ያስቀራችሁ ብታጠፉት ደስ ይለዋል፤ እንድነግራችሁ ጠይቆኛል።

መዝገቡ መውጫው በር አጠገብ ጠረጴዛው ላይ ነው። እርሳስ ታስሮበታል። የሽማግሌውንም ሥዕል ከኮሪደሩ አውርደን አምጥተነዋል፤ ከመዝገቡ ጀርባ ግድግዳው ላይ ተደግፏል። ወደ ምሳ ስታልፉ ቆም ብላችሁ እዩት፤ በተለይ ከ1968 እስከ 1975 የነበራችሁ።